ሰው አገር ለሚሄድ ጓደኛ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ ከተነበበ በኋላ ለዚህ ጋዜጣ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከክፍላችን አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። ጓደኛችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር። ታሞ ይሆናል ብለን ወደ መኝታ ክፍሉ ብንሄድ ፍራሹ ተጠቅልሎ፥ መጽሐፎቹ በካርቶን ታሥረው፥ በካርቶኑም ላይ «ለወንድሜ ስጡልኝ» የሚል ቍራጭ ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። ከአራት ወር በኋላ ከጆሃንስበርግ ደወለ። ደኅንነቱን ከነገረን በኋላ በመጀመሪያ የጠየቀን «የስታትስቲክስ ፈተና ከበዳችሁ ወይ?» ብሎ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ማኅበሩ ስለ ጉዳዩ ንግግር እንዲደረግ በወሰነ ጊዜ በኮሚቴው ውስጥ ብዙ ክርክር ሆነ። አንዳንዶቹ «አትሂዱ የሚል ንግግር ይሁን» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ስለ ሰው አገር ኑሮ በዝርዝር ማውራት ልቡ ያልተነሣውን ማነሣሣት ነው» ብለው ፈሩ። ንግግሩን እንድናዘጋጅ የታዘዝነው አራት ተማሪዎች ግን ሁለቱንም አሳብ አልተቀበልንም። አትሂዱ የሚለውን ምክር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሰምቶም የሄደው ሄዷል። መንገዱንም ቢሆን ደላላው ከእኛ አብልጦ ያውቀዋል። የሚቀረው ነገር የሄደው ሰው ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መናገር ነው። ስለዚህ ከደቡብ አፍሪካ የተመለሱ ታላላቅ ወንድሞቻችንንና ከዐረብ አገር የተመለሱ እኅቶቻችንን ጠይቀን፥ ሕጉንም አንብበን መጥተናል።

እኛ የምንማርበት ከተማ የቆመው በዚሁ መንገድ ላይ መሆኑን አንዘንጋ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፥ በሐዋሳና በዲላ አልፎ ሞያሌ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የይርጋ ጨፌን ቡና ያመጣል፤ ወደ ደቡብ ደግሞ ሰው ይወስዳል። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ አገዛዝ በ1986 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ባሉት ዓመታት ከሐድያና ከከምባታ፥ ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ በብዛት የሄዱት ወጣቶች ብዙዎቹ ከሐዋሳ በታች ያለውን አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አልፈውበታል። በዚህ አዳራሽ ካለነውም ወንድም ወይም አጎት፥ ቢጠፋ የጎረቤት ልጅ እዚያ የሌለው ጥቂት ነው።

የሄደ ሁሉ ጠፍቷል ብንል ደግሞ ውሸታሞች እንሆናለን። በሆሳዕና ከተማ ከቆሙት ፎቆችና ሆቴሎች ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ የተሠሩ አሉ። የብዙ ገበሬ ቤት ሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል፤ ታናናሾቹም በዚያው ገንዘብ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ከእኛ ከአራቱ የአንዱ የመማሪያ ገንዘብ ዛሬም የሚመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ «ለምን ይሄዳሉ?» ብሎ መደነቅ ለእኛ አያምርብንም።

መንገዱን በአጭሩ እናልፈዋለን። ደላላው ገንዘቡን የሚቀበለው ከፋፍሎ ነው፤ ከፊሉን ከመነሻ፥ የቀረውን ከመንገድ። በመነሻ የተነገረው ዋጋ በመድረሻ ከሚከፈለው ጋር አንድ አይሆንም። አንዱ ደላላ ለሌላው ደላላ ባስረከበ ቍጥር አዲስ ክፍያ ይወለዳል፤ ክፍያው ሲዘገይም ልጁ በማያውቀው ቤት ተዘግቶበት ለአባቱ ይደወላል። አባትም በሬውን፥ ከዚያም መሬቱን ይሸጣል። ከኬንያ በኋላ ታንዛንያ፥ ከዚያ ማላዊ፥ ከዚያም ሞዛምቢክ ወይም ዛምቢያ ወይም ዚምባብዌ ይከተላል፤ በእነዚህ አገሮች ያለ ፈቃድ የተገኘ ሰው ይታሠራል። በ2007 ዓ.ም. በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ በሚገኘው የማውላ ወኅኒ ቤት፥ ቅጣታቸውን ከጨረሱ በኋላ መመለሻ ገንዘብ አጥተው በእሥር የቆዩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

የሞቱትንም እንጥራ። በሰኔ ወር 2004 ዓ.ም. በታንዛንያ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ውስጥ ከታፈኑት ከ40 በላይ ሰዎች አብዛኞቹ የእኛ ሰዎች ነበሩ። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰው ሞቶ፥ 14 ሰው በሕይወት ተገኘ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ በምዚምባ ከ25 የሚበልጡ ሬሳዎች ተቀብረው ተገኙ፤ በታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳርቻ 27 ሬሳ በመንገድ ዳር ተጥሎ፥ ከመካከላቸውም አንድ ሰው ገና ሲተነፍስ ተገኘ። በሁለቱም ስፍራ የሞቱት ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ባለ ሥልጣኖቹ ተናግረዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ስማቸው ሳይታወቅ ተቀብረዋልና እዚህ አገር ልጃቸው እስኪደውል የሚጠብቁ እናቶች አሁንም ይኖራሉ።

እንግዲህ ደረሰ እንበል። ከዚያስ?

በጆሃንስበርግ መካከል የእኛ ሰዎች «ጀፒ» የሚሉት ሰፈር አለ። የመንገዱ የዛሬ ስሙ ሌላ ነው፤ ራሂማ ሙሳ ይባላል። ፎቆቹ ከታች እስከ ላይ በብርድ ልብስ፥ በመጋረጃ፥ በጫማና በቀበቶ ሱቆች ተሞልተዋል፤ እንጀራውና ቡናው፥ ወሬውም ጭምር የአገር ቤት ነው። አዲስ መጤ እዚህ ደርሶ አማርኛና ሐድይኛ ሲሰማ የደረሰ ይመስለዋል። ዳሩ ግን የሚኖረው በዚያ አይደለም። ጀፒ ዕቃ የሚወሰድበት ስፍራ ነው። ዕቃው የሚሸጠው ከከተማው ውጭ፥ ጥቁሮቹ ደቡብ አፍሪካውያን በሚኖሩባቸው፥ የእኛ ሰዎች «ሎኬሽን» በሚሏቸው ሰፈሮች ነው።

የመጀመሪያው ሥራ በእግር መዞር ነው። ብርድ ልብስ፥ የአልጋ ልብስ፥ መጋረጃ ተሸክሞ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ በዱቤ ይሰጣል፤ ወር ሲደርስ፥ ደመወዝና የጡረታ አበል ሲከፈል፥ ተመልሶ ይሰበስባል። ያልከፈለውን ማስገደድ የለም፤ የሚያስገድድበት አቅም ከየት ይመጣል? የሚሸከመውም ዕቃ የራሱ አይደለም፤ መንገዱን የከፈለለት ዘመዱ ወይም የአገሩ ልጅ ነው። ያጠያየቅናቸው ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት ወይም ሁለቱን ለዕዳ እንደ ሠሩ ነግረውናል። ከመካከላቸው አንዱ «እዚያ የጎዳኝ ነጭም ጥቁርም አይደለም፤ አጎቴ ነው» ብሎን ሁላችንም ሣቅን፤ እሱ ግን አልሣቀም።

ዕዳው ሲያልቅ ሱቅ ይከተላል። በሎኬሽን ውስጥ የአንድ ክፍል ሱቅ ይከራያሉ፤ ዱቄት፥ ዳቦ፥ ዘይት፥ ስኳር፥ ሲጋራ ይሸጣሉ። ባለ ሱቁ ከብረት ፍርግርግ በስተጀርባ ሆኖ ገንዘቡን በቀዳዳ ተቀብሎ ዕቃውን በቀዳዳ ያቀብላል። ሌሊትም የሚያድረው እዚያው ከዱቄቱ ጋር ነው፤ ቤት ለመከራየት ገንዘብ ስላጣ ብቻ አይደለም፥ ሱቁን ትቶ ቢሄድ ጧት ባዶ ያገኘዋልና። ደንበኞቹ ስሙን አይጠሩትም፤ የውጭ አገር ባለ ሱቅ ሁሉ በዚያ «ማይ ፍሬንድ» ነው። አንድ ሰው ስድስት ዓመት በአንድ ሰፈር ኖሮ ስሙን ያወቁት ሦስት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ ነግሮናል።

ቋንቋውን በሚመለከት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ስሕተት ይሠራል፤ እንግሊዝኛ እንደሚበቃው ያስባል። በሎኬሽን የሚያኖረው ዙሉኛ ወይም ሶቶኛ ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ የሄደው ልጅ በስድስት ወር ዙሉኛ ተናግሮ ሲነግድ፥ ባለ ዲግሪው በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ደንበኛ ያመልጠዋል። ይህን የነገሩን ሰዎች በደስታ ነው የነገሩን፤ እኛ የተማርነው እንዲህ ስንዋረድ መስማት ለአንዳንዱ ሰው ደስ ይላል፥ አንቀየምም።

ሌላው ወረቀት ነው። ደቡብ አፍሪካ ስደተኛን በካምፕ አትሰበስብም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የስደተኞች ሕግዋ ጥገኝነት ጠያቂ በአገሩ ውስጥ ተዘዋውሮ እንዲኖር አድርጓል፤ ይህም ከብዙ አገር ሕግ ይሻላል፤ የእኛንም ሰዎች ወደዚያ የሳበ አንዱ ነገር ይኸው ነው። ነገር ግን የሚሰጠው ወረቀት ጊዜያዊ ነው፤ በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት። አመልክቶ ስደተኛነቱ የሚጸናለት ጥቂት ነው፤ ሌላው እያሳደሰ ዐሥር ዓመት ይኖራል። ወረቀቱ ያለፈበት ሰው ባንክ ገንዘቡን ሊይዝበት፥ ፖሊስም ሊያሥረው ይችላል። ስለሆነም ነጋዴው ገንዘቡን በሱቁ ያስቀምጣል፤ ገንዘብ በሱቅ እንዳለ ደግሞ ሌባው ያውቃል።

ሕጉ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል። በሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ፖሊስ የሶማሌዎችንና የኢትዮጵያውያንን ሱቆች በዘጋ ጊዜ ማኅበሮቻቸው ከሰሱ፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ከፍተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃድ አግኝተው መነገድ እንደማይከለከሉ ፈረደላቸው። ፍርድ ቤት ግን ሌሊት በር አይጠብቅም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በ2007 ዓ.ም. በደርባን፥ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም በጆሃንስበርግ እንደገና ሱቆች ተዘረፉ፥ ተቃጠሉም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሱቅ የተገዛ ምግብ በልተው ሕፃናት ሞቱ ስለ ተባለ ፕሬዚዳንቱ በኅዳር ወር የሰፈር ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዘዙ። በዚያ ሰሞን ስንት የአገራችን ሰው ሱቁን ዘግቶ በዘመድ ቤት እንደ ተጠጋ ከስልክ ጥሪው ብዛት ዐውቀናል። ያን ጊዜ ሰፈርተኛው ሁሉ ጠላት አልነበረም፤ ባለ ሱቁን በጓዳዋ የደበቀች ባለ ቤት እንዳለች የነገረን ራሱ የተደበቀው ሰው ነው።

ስለ እኅቶቻችን ደግሞ እንናገር። ከሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ (በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተከፈተው) ሥራቸውን ትተው ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ልጆች እናውቃለን፤ ከመካከላቸውም ከእኛ ጋር የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የተፈተኑ አሉ። በዚያ ያለው ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል፤ ሠራተኛዋ በአገሩ የመኖር ፈቃዷ በአሠሪዋ የተንጠለጠለ ነው። ከቤቱ ብትወጣ ወዲያው ሕገ ወጥ ትሆናለች። የኢትዮጵያ መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ጉዞውን አገደ፤ በሚከተለው ወር የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ሲጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ሰዎች ተመለሱ። ኋላም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923/2008 ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1246 ተሻሽሏል። ከዚህ አዋጅ አንድ ነገር ብቻ እናስታውሳችሁ፤ የቪዛውን፥ የደርሶ መልስ ትኬቱን፥ የሥራ ፈቃዱንና የመድን ዋስትናውን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርትና እንደ ሕክምና ምርመራ ያለውን ነው። ስለዚህ ለትኬትና ለቪዛ ገንዘብ አምጪ የሚል ሰው ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ገንዘብ በየትኛው ሕግ ነው?

አሁን ደግሞ ለትምህርት ለሚሄደው። ይህ ክፍል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዕንቅፋት ስማችን ነው። እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ የራሳችን፥ የአባታችንና የአያታችን ስም አለን። በውጭ አገር ፎርም ላይ «የቤተ ሰብ ስም» የሚለው ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፥ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ በፓስፖርቱ አንድ፥ በትምህርት ማስረጃው ሌላ ሲሆን ሁለት ሰው ይሆናል። ከዚያም መምህሩ ሲጠራው የሚጠራው አያቱን ነው፤ ከክፍሉ ውስጥ ሟቹ አያቱ እስኪመልሱ የጠበቀ ጓደኛ አለን። ባልና ሚስትም አንድ ስም ስለሌላቸው ተጋብተዋል ብሎ የሚያምን ቢሮ ማግኘት ያስቸግራል፤ የጋብቻ ወረቀት ተተርጕሞ መያዝ አለበት።

ሁለተኛው የዘመን ቀመር ነው። በመስከረም 1 ቀን 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነሱ አቈጣጠር የተወለደው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2002 ነው። 1995 ብሎ እንዳለ የጻፈ ሰው ሰባት ዓመት ያረጃል፤ የዕድሜ ገደብ ባለበት የትምህርት ዕድልም ይህ ስሕተት በሩን ይዘጋበታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በደቡብ አፍሪካ የጧት ስምንት ሰዓት ሲባል በእኛ ሦስት ሰዓት ነው፤ የስድስት ሰዓቱን የአቈጣጠር ልዩነት ብቻ አስቦ የአንዱን ሰዓት የአገር ልዩነት የረሳ ሰው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፤ ይህስ ባልከፋ። በእኛ ክረምት በሰኔና በሐምሌ በጆሃንስበርግም ብርድ ነው፤ ሆኖም ዝናብ የሌለው ደረቅ ብርድ ስለሆነ ጃንጥላ ይዞ የሄደ ኮት አጥቶ ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛው ማኅተም ነው። የትምህርት ማስረጃችን እዚህ ስንት ማኅተም ቢኖረው እዚያ ወረቀት ነው። አስቀድሞ በትምህርት ባለ ሥልጣን፥ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ ኋላም በኤምባሲው መረጋገጥ አለበት። ደቡብ አፍሪካ የራስዋ የትምህርት ደረጃ መዛኝ መሥሪያ ቤት ስላላት እዚያም እንደገና ይመዘናል። ይህን ሁሉ ሰው አገር ሆኖ በዘመድ በኩል ማስፈጸም ዓመት ይፈጃል፤ እዚህ ሆኖ ግን ከሐዋሳ አዲስ አበባ የጥቂት ቀን ምልልስ ነው።

በመንግሥት ተልከው ይሄዱ የነበሩት የቀደሙት ተማሪዎች ይህን ጣጣ ብዙም አያውቁትም ነበር። መላኩ በያን በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተልከው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲጨርሱ አገር ቤት ይጠበቁ ነበር፤ ተመለሱም። የዚያን ዘመን ሰው ቶሎ ይመለስ የነበረው ከእኛ ይልቅ አገሩን ስለ ወደደ ነው የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። እኛ ግን በትሕትና እንቃወማለን፤ እነሱ ሲመለሱ ወንበር ይጠብቃቸው ነበር፥ እኛን የሚጠብቀን ግን የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ደግሞ እኛም በተራችን አስተናጋጅ ነበርን። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኬንያ፥ ከኡጋንዳ፥ ከታንጋኒካና ከናይጄሪያ ተማሪዎች በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መጥተው ነበር። በርበሬያችንና የዘመን ቀመራችን ለእነሱም እንግዳ ሳይሆኑባቸው አልቀሩም።

አሁን ስለማይጻፈው ነገር እንናገር። በሰው አገር በመጀመሪያ የሚጎዳው ረኀብ አይደለም፤ ብቻን መብላት ነው። እዚህ ካፌ ስንገባ ሰሐን ይዞ ብቻውን የተቀመጠ ሲታይ «ምን ሆነ?» ይባላል። እዚያ ምንም አልሆነም፤ እየበላ ነው። የጎረቤት ሰላምታ አንዲት ቃል ናት፤ የእናትን፥ የከብቱን፥ የዝናቡን ሁኔታ የሚጠይቅ የለም። ሰው ሲሞትባችሁ ድንኳን አይጣልም። እርግጥ የእኛ ሰዎች በሄዱበት ዕቁብና ዕድር ያቋቁማሉ፤ ሬሳ ወደ አገር ቤት የሚላክበትን ገንዘብ የሚያዋጣው ይኸው ዕድር ነው። ስለዚህ ለደረሰ ጓደኛ ምክራችን ቢኖር ከሱቁ በፊት ዕድር ይግባ።

ከዚያም ስልኩ አለ። አገር ቤት የሚደውል ሁሉ ችግሩን ይዞ ይደውላል፤ እሱ ግን የራሱን አይናገርም። በሌላ ሰው መኪና ተደግፎ የተነሣውን ፎቶግራፍ ይልካል፤ ታናሹ ፎቶግራፉን አይቶ ትምህርቱን ይጠላል። ይህን ውሸት የሚያስዋሸው ማን ነው? እኛ ነን፤ ሲደወልልን መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ላክህ?» እንጂ «ምን በላህ?» አይደለም። ባዶ እጁን የተመለሰውንም ጎረቤቱ በዓይኑ ይበላዋል። ካነጋገርናቸው መካከል ሁለቱ በዚሁ ከተማ እየኖሩ ወደ ትውልድ ቀበሌያቸው ገና አልሄዱም፤ አንደኛው ከተመለሰ ሦስት ዓመቱ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ልባችሁ ያልተመለሰ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ለእናንተ የምንነግረው ትንሽ ነገር ቀርቶናል። ጓደኛችን ፍራሹን ጠቅልሎ የሄደ ቀን ከሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት አንድ ፎርም ሞልቶ ትምህርቱን በደንብ አቋርጦ ቢሆን ኖሮ፥ ሲመለስ ካቆመበት ለመቀጠል የሚያመለክትበት መብት ይኖረው ነበር። ሳይሞላ ስለ ሄደ ግን ውጤቱ ላይ ያልተፈተነባቸው ትምህርቶች ሁሉ እንደ ወደቀ ተጽፈውበታል። ይህን በስልክ ስንነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «ፎርሙ ስንት ገጽ ነው?» ብሎ ጠየቀን። አንድ ገጽ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ፎርሙ በዚያ ይገኛል፤ የልደት ቀን መለወጥ፥ የስም አጻጻፍ ማስተካከል፥ የሥራ ውል ማንበብ የሚፈልግም ይምጣ። የት እንደምትሄዱ፥ ለምን እንደምትሄዱም አንጠይቅም። የወላጅ ስልክ ቍጥር ግን በታሸገ ፖስታ እንድትተዉልን እንለምናለን።